ማን ቀባው? ማን ቀረፀው? ሴት ሠዓልያንና ቀደምት የሴቶች መጽሔቶች

ፊላዴልፊያ ይታተም የነበረው «የጎዲ የእመቤቶች መጽሐፍ» በየወሩ ለደንበኞቹ ባለቀለም የፋሽን ሥዕል ይልክ ነበር። ሥዕሉ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርፆ በጥቁር ይታተማል፤ ቀሚሱን፣ የአንገት ልብሱን፣ የባርኔጣውን ላባ ቀለም የሚያለብሰው ግን የሰው እጅ ነው። አሳታሚው ሉዊ ጎዲ ለዚህ ሥራ ብቻ 150 ሴቶች አሰማርቻለሁ እያለ ይኩራራ ነበር። በ1860 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጽሔቱ ሥርጭት 150,000 ደርሷል ይባል ስለነበር፣ ሥራው እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዷ በወር 1,000 ሥዕል ይደርሳታል። አንዱ ቀለም ሲያልቅ በሌላ ይተኩታል። በዚህ የተነሣ አንዷ ደንበኛ ዘንድ ሰማያዊ ሆኖ የደረሰው ቀሚስ ጎረቤቷ ዘንድ ሮዝ ሆኖ ይገኛል። ቅሬታ ሲመጣ ጎዲ፣ እመቤቶች እንዲያማርጡ ታስቦ ነው የሚል መልስ ሰጠ ይባላል።

ከሥዕሉ ሥር የቀቢዋ ስም አይጻፍም።

የሴቶች መጽሔት ለሴት ሠዓሊ ምን አደረገላት የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚጀምረው ከሙገሳ ጽሑፎቹ ነው፤ ስለ እንትና ሠዓሊት ትሕትና፣ ስለ እንትና ቀራፂት ጨዋነት ከተጻፉት ገጾች። እኔ ከቀቢዎቹ መጀመርን እመርጣለሁ። መጽሔቱ ራሱ በሴቶች እጅ ሥራ የሚኖር ተቋም ነበርና ሴት ሠዓሊን የሚያይበት ዐይን ከዚያ ይጀምራል። ስለ መልኳ፣ ስለ ጠባይዋ፣ ስለ ቤቷ ብዙ ጻፈ። ማን አስተማራት፣ ማን ከፈላት፣ ሥራው የእሷ ለመሆኑስ ማን ይመስክር የሚሉትን ጥያቄዎች ግን ለማንሣት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲያነሣቸውም ሁልጊዜ ለእሷ ወግኖ አልነበረም።

ለሴቶች ተብሎ በእንግሊዝኛ የታተመው የመጀመሪያው ወቅታዊ ጽሑፍ የለንደኑ «ሌዲስ መርኩሪ» ነው፤ በ1693 ወጥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቆመ። ስለ ሥዕል የሚያወራ አልነበረም፤ የልብ ጉዳይ ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልስ ወረቀት ነበር። ከ1770 ጀምሮ የወጣው «ሌዲስ ማጋዚን» ደግሞ የጥልፍ ንድፍ እያጠፈ በመጽሔቱ ውስጥ ይከት ነበር። ንድፉ ለሥራ ስለሚወጣ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት የሚገኙት ብዙዎቹ ቅጂዎች ንድፋቸው የጎደለ ነው። አንባቢዋ ልታነብ ብቻ ሳይሆን በእጇ ልትሠራ ታስባለች፤ የምትሠራው ግን ለቤቷ ነው። አበባ መሣል፣ ውኃ ቀለም፣ ጥልፍ፣ ፒያኖ የጨዋ ልጅ ማሳመሪያ ሆነው በአንድ መደብ ተቀመጡ።

በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ሥዕልን እንጀራቸው ያደረጉ ሴቶች አልጠፉም። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም ከመሥራች አባላቱ መካከል አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር ነበሩበት። ሠዓሊው ዮሐን ዞፋኒ የአካዳሚውን አባላት በአንድ ላይ ሲሥል ግን ወንዶቹን እርቃኑን በተቀመጠ ሞዴል ዙሪያ ሰበሰባቸውና ሁለቱን ሴቶች በግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ሥዕሎች አድርጎ አስገባቸው። እርቃን ሰው ባለበት ክፍል ሴት ልትቆም አትችልም ነበርና። ከእነሱ ወዲህ ሙሉ አባል ሆና የተመረጠች ሴት እስክትገኝ 1936 ደረሰ፤ ሎራ ናይት ናት። የሰውን አካል ሳያጠኑ ታሪካዊ ሥዕል መሣል አይቻልም፣ ታሪካዊ ሥዕል ያልሣለ ደግሞ ትልቅ ሠዓሊ አይባልም። በሩ የተዘጋው በዚህ ነው። መጽሔቶቹ ለረጅም ጊዜ ይህን በር አላዩትም፤ ሴቶች አበባ የሚሥሉት አበባ ስለሚወዱ ነው የሚመስላቸው።

ወደ ፊላዴልፊያ እንመለስ። የጎዲ መጽሔት አዘጋጅ ሣራ ጆሴፋ ሄል ነበረች። በ1822 ባሏ ሲሞት አምስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ጥቁር ልብስ አላወለቀችም። ቦስተን ላይ የራሷን መጽሔት ከ1828 ጀምሮ ስታዘጋጅ የፋሽን ሥዕልን ትጠላ ነበር፤ ጎዲ በ1837 መጽሔቷን ገዝቶ እሷን አዘጋጅ ሲያደርጋት ግን ከምትጠላው ነገር ጋር አርባ ዓመት አብራ ኖረች። መጽሔቱን የሚሸጠው የፋሽን ሥዕሉ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ሄል ሴቶች እንዲማሩ፣ አስተማሪና ሐኪም እንዲሆኑ ሳትታክት የጻፈች ሰው ናት፤ ሴቶች እንዲመርጡ ግን አትፈልግም። በ1853 ባሳተመችው ግዙፍ የታዋቂ ሴቶች መዝገብም ያለፉትን ዘመናት ሠዓልያት ሰብስባ አስገብታለች። ከዚህች ሴት በላይ ለሴት ሥራ የተሟገተ የመጽሔት አዘጋጅ በዘመኑ አሜሪካ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ከእሷ ጽሑፎች አጠገብ የተለጠፈውን ሥዕል የቀቡት ሴቶች በመዝገቧ ውስጥ የሉም። ይህን የምለው ልወቅሳት አይደለም፤ የጨዋ ሴት ሙያና የደሃ ሴት የእጅ ሥራ በዚያ ዘመን አንድ ዓይነት ነገር ተደርገው አይታዩም ነበር።

ሁለቱን ለማገናኘት የሞከረው መጽሔት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው። የእንግሊዝ ቆንስል ባለቤት የነበረችው ሣራ ፒተር በ1848 በገዛ ቤቷ የሴቶች የንድፍ ትምህርት ቤት ከፈተች። የሚማሩት የግድግዳ ወረቀትና የጨርቅ ንድፍ፣ የእንጨት ላይ ቅርፅ፣ የድንጋይ ኅትመት ነበር፤ ሁሉም ፋብሪካና ማተሚያ ቤት ገንዘብ የሚከፍልባቸው ሙያዎች ናቸው። ባል የሌላት ወይም የከሰረ አባት ያላት ልጅ መርፌ ይዛ ከምትራብ የመቅረጫ ብረት ይዛ ትብላ ነው ሐሳቡ። ፊላዴልፊያ ያኔ የመጽሔት ከተማ ስለነበረች ሥራው እዚያው በደጃፍ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስሙ ተለውጦ ሙር የሥነ ጥበብና የንድፍ ኮሌጅ ተብሎ ዛሬም አለ።

ለንደን ላይ ነገሩ በሌላ መንገድ መጣ። በመጋቢት 1858 ቤሲ ሬይነር ፓርክስና ባርባራ ሊ ስሚዝ ቦዲሾን «ኢንግሊሽ ዉመንስ ጆርናል»ን ጀመሩ። ቦዲሾን ራሷ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ናት። መጽሔቱ የፋሽን ሥዕል የለውም፤ የጥልፍ ንድፍም የለውም። ያለው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ንብረት ሕግ፣ ስለ ሥራ ነው። ከ1860 ጀምሮ ያተመው የኤሚሊ ፌይዝፉል ቪክቶሪያ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎቹን ሴቶች አድርጎ የተነሣ ድርጅት ነው። አንባቢዎቹ ጥቂት፣ ዕድሜውም አጭር ነበር፤ በ1864 ተዘጋ።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሴት አርቲስቶችን በሰፊው አስተዋወቀ። አንዷ ፈረንሳዊቷ ሮዛ ቦነር ናት፤ ታሪኳ የታተመው በራሷ ፈቃድ መሆኑ በርእሱ ላይ ሳይቀር ተገልጿል። «የፈረስ ገበያ» የሚባለው ሥዕሏ ከአምስት ሜትር በላይ ስፋት አለው። በ1853 ፓሪስ ላይ ከታየ በኋላ ነጋዴው ኧርነስት ጋምባርት ወደ እንግሊዝ አምጥቶት ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀሩ አይተውታል። ቦነር ወደ ፈረስ ገበያና ወደ ቄራ ለመግባት ሱሪ ትለብስ ነበር፤ ለዚህም በየስድስት ወሩ የሚታደስ የፖሊስ ፈቃድ ነበራት። ለመጽሔቶች ይህ ሱሪ ማር ነበር፤ ከሥዕሉ ይልቅ ስለ ሱሪው የተጻፈው እንደሚበዛ ዘመኑን የቃኘ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላዋ አሜሪካዊቷ ቀራፂት ሃሪየት ሆዝመር ናት። እናቷንና ወንድም እኅቶቿን የሳንባ ነቀርሳ ስለጨረሰባት ሐኪሙ አባቷ ከቤት ውጭ፣ በፈረስና በጀልባ አሳደጋት። የሰውን አካል ለማጥናት ቦስተን ላይ የሚቀበላት ስታጣ ሴንት ሉዊስ ድረስ ሄዳ ከአንድ የሕክምና ኮሌጅ ተማረች። በ1852 ሮም ገብታ በብሪታንያዊው ቀራፂ በጆን ጊብሰን ሥር ሠለጠነች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የ«ኢንግሊሽ ዉመንስ ጆርናል» ተባባሪ አዘጋጅ ማቲልዳ ሄይስ ከሆዝመር ጋር አብራ ወደ ሮም የተጓዘችና አብራት የኖረች ናት። መጽሔቱ ስለ ቀራፂቷ ሲጽፍ የሚጽፈው ከጓደኝነት ክበብ ውስጥ ሆኖ ነው። ዛሬ ይህን ወገንተኝነት እንለው ይሆናል። በዚያ ጊዜ ግን አንዲት ሴት ምን እንዳጠናች፣ ከማን እንደተማረች፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ በትክክል ሊያውቅ የሚችለው እንዲህ ያለ ክበብ ብቻ ነበር። የወንዶቹ ጋዜጦች ስለ ሆዝመር የሚያውቁት ቁመቷ አጭር መሆኑን፣ ጸጉሯን መቆረጧንና ሮም ውስጥ ብቻዋን በፈረስ መሄዷን ነው።

ለዚህ መጽሔት ሰዎች ዋናው ነገር የትምህርት ጉዳይ ነበር። የሴት ሠዓልያን ማኅበር በ1857 የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን ለንደን ላይ ከፍቷል፤ መጽሔቱም ዐውደ ርእዩን እየገመገመ ይጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኤሚሊ ሜሪ ኦዝበርን ያሳየችው ሥዕል ጉዳዩን ያለ ቃል ተናግሮታል፦ የሐዘን ልብስ የለበሰች ወጣት ከታናሽ ልጅ ጋር የሥዕል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ቆማለች፣ ነጋዴው ሥራዋን በንቀት ያገላብጣል፣ ከበስተጀርባ ሁለት ባለ ረጅም ባርኔጣ ወንዶች እሷን እያዩ ነው። በ1859 ቦዲሾንን ጨምሮ ከሠላሳ የሚበልጡ ሴቶች የንጉሣዊው አካዳሚ ትምህርት ቤት እንዲከፈትላቸው አቤቱታ ጻፉ። ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ስለነበር ነገሩ የክብር ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሎራ ሄርፎርድ የመግቢያ ሥዕሎቿን በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ፈርማ ላከች። አካዳሚው ወንድ መስላው ተቀበላት፤ ደንቡ ቢገለበጥ ሴትን የሚከለክል አንቀጽ አልተገኘበትም። ገባች። የሰው አካል ጥናት ክፍል ለሴቶች የተፈቀደው ግን በ1893 ነው፤ ያውም ሞዴሉ ወገቡን ተሸፍኖ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የመጽሔቶቹን ጠባይ የሚያሳየው በ1863 የሆነው ነው።

ሆዝመር ለዓመታት የለፋችበትን የዘኖቢያን ሐውልት በ1862 ለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ አሳየች። ዘኖቢያ የፓልሚራ ንግሥት ናት፤ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከኦሬሊያን ጋር ተዋግታ ተማርካለች። ሆዝመር የቀረፀቻት በሰንሰለት ታስራ በሮም ጎዳና ስትነዳ ነው፤ ሐፍረት ግን ፊቷ ላይ የለም። በቀጣዩ ዓመት አልፍሬድ ጋትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቀራፂ ሮም ላይ ሞተና የሕይወት ታሪኩ በሁለት መጽሔቶች ታተመ። በጽሑፉ ውስጥ፣ እግረ መንገድ እንደ ቀልድ፣ የሚስ ሆዝመር ነው የሚባለው «ዘኖቢያ» በእውነቱ የአንድ ጣልያናዊ ሠራተኛ ሥራ ነው የሚል ቃል ገባ። ከሁለቱ መጽሔቶች አንዱ የሥነ ጥበብ መጽሔቱ «አርት ጆርናል» ነው። ሌላው ግን «ዘ ኩዊን» ነበር፤ ሳሙኤል ቢተን በ1861 ያቋቋመውና ብዙም ሳይቆይ የሸጠው፣ በፋሽን ሥዕሉና በማኅበራዊ ወሬው የታወቀው የእመቤቶች ሳምንታዊ። ሴቶች የሚያነቡት፣ ለሴቶች የሚታተም ወረቀት የአንዲትን ሴት የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ ዐረፍተ ነገር ለወንድ አስረከበ።

ሆዝመር ዝም አላለችም። በስም ማጥፋት ክስ አስፈራራቻቸው። መምህሯ ጊብሰንና አሜሪካዊው ቀራፂ ዊልያም ስቶሪ ምስክርነታቸውን በጋዜጣ ጻፉላት፤ መጽሔቶቹም ቃላቸውን አነሡ። ወሬውን ያሰራጩት ሮም ያሉ ወንድ ቀራፂዎች መሆናቸውን ስለጠረጠረች የሚሰበሰቡበትን የካፌ ግሬኮን ቅናተኞች የሚያፌዝ ግጥም ጽፋ ቦስተን ላይ አሳተመች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በታኅሣሥ 1864 «አትላንቲክ መንዝሊ» ላይ ያወጣችው ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ስለ ራሷ ብዙ አላወራችም፤ ስለ አሠራሩ አስረዳች። ቀራፂ ሐሳቡን በትንሽ ጭቃ ይሠራል፤ ሠራተኞች በልኬት ያሳድጉታል፤ ቀራፂው በትልቁ ጭቃ ላይ ተመልሶ ይለፋበታል፤ ከዚያ በጀሶ ይቀዳል፤ እምነበረዱን የሚጠርቡትም ባለሙያ ጠራቢዎች ናቸው። ታላላቆቹ ቀራፂዎች ካኖቫም ቶርቫልድሰንም እንዲህ ነው የሠሩት፤ ሥራቸው የሠራተኞቻቸው ነው ያለ ማንም የለም። ለወንድ የሥራ ክፍፍል የሆነው ለሴት ማጭበርበር የሚሆነው ለምንድን ነው?

ይህን ጽሑፍ እወደዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሆዝመር የጠራቢዎቹን ሥራ ለማስረዳት ስትገደድ ስማቸውን አልጠራችም። ልማዱ አልነበረምና። የፊላዴልፊያዎቹ 150 ቀቢዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ ጥበብ የሚባለው ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ድርሻ ነው፣ እጁን ያዋሰው ደመወዙን ተቀብሎ ይሄዳል።

የሆዝመር መከራ ለኋለኞቹ ትምህርት ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮም የደረሰችው ቀራፂት ኤድሞኒያ ሉዊስ አባቷ ጥቁር፣ እናቷ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የኦጂብዌ ነገድ ተወላጅ ናት። ሥራሽ ያንቺ አይደለም የመባል አደጋ ለእሷ በእጥፍ ነበር። ስለዚህ በቻለች መጠን እምነበረዱን ራሷ ትጠርብ ነበር ተብሎ ተጽፎላታል። ጊዜዋን በላ፣ ወጪዋን አበዛ። «የክሊዮፓትራ ሞት» የተባለውን ትልቁን ሐውልቷን በ1876 ፊላዴልፊያ በተደረገው የመቶኛ ዓመት በዓል ዐውደ ርእይ ላይ አቀረበች። በዚያው ዐውደ ርእይ ግቢ የሴቶች ድንኳን የሚባል ሕንፃ ነበር፤ «ኒው ሴንቸሪ ፎር ዉመን» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ እዚያው በሴቶች ተዘጋጅቶ በሴቶች ይታተማል። የሉዊስ ሐውልት ግን የታየው ከወንዶቹ ሥራ ጋር በዋናው የሥነ ጥበብ አዳራሽ ነው። ክሊዮፓትራ ለረጅም ጊዜ ጠፍታ ቺካጎ አጠገብ የአንድ ፈረስ መቃብር ምልክት ሆና ከኖረች በኋላ ተገኝታ አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትገኛለች።

ፈረንሳይ ላይ ብዙ አልቆይም። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ሁበርቲን ኦክሌር በ1881 ባቋቋመችው «ላ ሲቶየን» ጋዜጣ ላይ ፖሊን ኦሬል የሚል ስም የተጻፈበት የቁጣ ጽሑፍ ወጣ፦ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለምን ሴት አይቀበልም? ጸሐፊዋ ማሪ ባሽኪርትሴፍ ነበረች፤ ከዩክሬን የመጣች የባለርስት ልጅ፣ አካዴሚ ጁሊያን የተባለው የፓሪስ የግል የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ25 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በ1887 የታተመው ማስታወሻዋ በመላው አውሮፓ አስነበባትና በወጣትነቷ የተቀጠፈች ውብ ልጅ ሆና ታወቀች። ስለ ትምህርት ቤቱ የጻፈችው ግን ያን ያህል አንባቢ አላገኘም። ትምህርት ቤቱ ለሴቶች የተከፈተው በ1897 ነው። በዚያችው ፓሪስ የሠዓሊው አሌክሳንድር ኮላን ሦስት ልጆች፣ ኤሎይዝ ሌሉዋር፣ አናይስ ቱዱዝና ሎር ኖኤል፣ ለመጽሔቶች የፋሽን ሥዕል እየሣሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። እነሱ ስማቸውን ከሥዕሉ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይፈርሙ ነበር። የፓሪስ የፋሽን ሥዕል ወደ ሌሎች አገሮች መጽሔቶች ይሸጥ ስለነበር ሥራቸውን ያየው ሕዝብ ከብዙ የአካዳሚ ሠዓልያን ተመልካች ይበልጣል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልቆጠሯቸውም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገንዘቡም ስሙም አንድ ቦታ መገናኘት ጀመረ፤ ቦታው አሁንም ፊላዴልፊያ ነው። አሊስ ባርበር በሣራ ፒተር ትምህርት ቤት የእንጨት ላይ ቅርፅ ተምራ በሙያው ኖረች፤ ቀጥላ በፔንሲልቬኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከሠዓሊው ከቶማስ ኤኪንስ ተማረች። በ1879 የሣለችው ሥዕል የአካዳሚውን የሴቶች ክፍል ያሳያል፦ ሴቶች ተሰብስበው እርቃኗን የቆመች ሞዴል ያጠናሉ። ዞፋኒ ግድግዳ ላይ ከሰቀላቸው ሴቶች እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመት አለፈ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ የሆነው ለመጽሔት ተቀርፆ እንዲታተም ስለታሰበ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፎቶግራፍን በነጠብጣብ የሚያትመው ዘዴ መጣና የእንጨት ቀራፂዎችን እንጀራ ዘጋ፤ መሣል የምትችለው ግን ተረፈች። በባሏ ስም አሊስ ባርበር ስቲቨንስ ተብላ በ1897 ለ«ሌዲስ ሆም ጆርናል» ስለ አሜሪካ ሴት ስድስት ተከታታይ ሥዕሎች ሠራች። ከስድስቱ በአንዱ ያለችው የቤት እመቤት አይደለችም፤ ትልቅ መደብር ውስጥ ከመደርደሪያ ኋላ ቆማ የምትሠራ ሻጭ ናት።

በዚያው መጽሔት ከ1889 ጀምሮ የተቀጠረች ሌላ ወጣት ነበረች፤ ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ። ከሠዓልያኑ ከኤልዛቤት ሺፐን ግሪንና ከቫዮሌት ኦክሊ ጋር ቤት ተከራይተው፣ ወጪ ተጋርተው፣ አብረው እየኖሩ ይሥሉ ነበር። ስሚዝ አላገባችም፣ አልወለደችምም። ከታኅሣሥ 1917 እስከ 1933 ድረስ ግን «ጉድ ሃውስኪፒንግ» በየወሩ ያወጣቸው ሽፋኖች ሁሉ የእሷ ናቸው፤ አብዛኞቹ ላይ ያሉት ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከእናቶቻቸው ጋር። እነዚያን ሥዕሎች አይተው ልጆቻቸውን ያለበሱ እናቶች ስንት እንደሆኑ መገመት ይከብዳል። ሽፋኑን የሚያትመው አሁን ማሽን ነው። ስሟ ከሥዕሉ ሥር ይነበባል፤ ደመወዟንም በዘመኑ የነበሩ ብዙ ወንድ ሠዓልያን ይመኙት ነበር።